የሦስተኛው ቀን ወተት

በማሱርዲ ከተማ ዕድሜው ከአርባ በታች ከሆነው ሰው እኩሌታውን ከእናቱ ማህፀን የተቀበሉት ሲስተር ኢንዱማቲ ዱማል ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ገበያ ብቅ ሲሉ ጢሙን ያንጨባረረ ጎረምሳ ሳይቀር ከሞተር ብስክሌቱ ወርዶ እጅ ይነሳቸዋል። እሳቸውም ቆም ብለው ያዩትና፣ «አንተ በእግርህ ነው የመጣኸው። እናትህን ስንት ሰዓት እንዳስጨነቅካት ሂድና ጠይቃት» ይሉታል።

ሰው ይወዳቸዋል፤ ይፈራቸዋልም። አንድ ነገር ግን ለከተማው ሰው አይገባውም ነበር። ሲስተር ኢንዱማቲ ኪርታን፣ በመድረክ በዜማ የሚተረከውን የአምላክ ታሪክ፣ አይወዱም። የአምላኩ የቪትል ስም በየደጃፉ በሚጠራበት በክሪሽና ወንዝ ዳር አገር ኪርታን አልወድም ማለት ዝናብ አልወድም እንደማለት ነው። በየዓመቱ ቤተ መቅደሱ ፊት ድንኳን ተጥሎ ሰባት ቀን ሙሉ ሲተረክና ሲዜም፣ ሟቹ ባለቤታቸው ቫሳንት ከስኳር ፋብሪካው ሚዛን ቤት ፈቃድ ወስደው ከመጀመሪያው ረድፍ ንቅንቅ አይሉም ነበር። «እስቲ አንድ ቀን አብረሽኝ ነይ» ሲሏቸው፣ ሲስተር፣ «እኔ ጩኸት በደሞዝ ነው የምሰማው፤ በነፃ አልሰማም» ይሉ ነበር።

አምላክን ጠልተው አይደለም። ወጥ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ ትንሽ የቪትል ምስል አለ። ጠዋት ጠዋት መብራት ያበሩለትና፣ «እኔና አንተ እንግባባለን፤ መጮህ አያስፈልገንም» ብለውት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ቫሳንት በሞቱ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ በከበደበት ወር፣ የሚያከራዩት ክፍል ባዶ ሆነ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አንዲት ልጅ ላከላቸው። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ሳሪዋ እስከ ጉልበቷ የራሰ፣ በአንድ እጇ የብረት ሳጥን፣ በሌላው በአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ሃርሞኒየም የሚሉትን የዜማ መሣሪያ የያዘች። ስሟ ሳሪካ ኮልቴ ነው። አገሯ ጃልና፣ ዝናብ ከማያውቀው ወገን።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ኪርታን።»

«እሱን አይደለም። ሥራሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እሱ ነው ሥራዬ፣ ሲስተር። አላንዲ ከተማ ሄጄ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። በየመንደሩ እየዞርኩ ነው የማዜመው። ከዚህ መናኸሪያው ቅርብ ነው ብለውኝ ነው።»

ሲስተር ሃርሞኒየሙን አዩ፤ ከዚያ የልጅቷን እግር አዩ። የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ በሽቦ ተይዟል።

«ምሳ ከበላሁ እተኛለሁ» አሉ። «ከአስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ትጮሂያለሽ። ከዚያ ውጭ ድምፅሽን ከሰማሁ ሳጥንሽን ደጅ ታገኚዋለሽ።»

«እሺ።»

«እግርሽን አድርቂና ግቢ። ሻይ ተጥዷል።»

ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ፣ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ፣ ጣውላ ነው። አስር ሰዓት ሲሆን ሲስተር ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ወጥ ቤት ይገባሉ። ጥጡ ግን የሚከለክለው ቃሉን እንጂ ዜማውን አልነበረም። ልጅቷ ስሙን ብቻ ታነሳለች፤ ቪትል፣ ቪትል፣ ቪትል፣ እንደሚራመድ ሰው በዝግታ። ከዚያ ትፈጥናለች፤ ደግሞ ትፈጥናለች፤ ትንፋሽ ሊያጥራት ነው ሲባል ቁርጥ ታደርገውና ጸጥ ይላል። ጥቂት ቆይታ እንደገና ከዝግታው ትጀምራለች። አንድ ቀን ሲስተር እጃቸው ሊጥ ውስጥ እንዳለ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ መሆናቸውን ድንገት አወቁ። ምጥ እየቆጠሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥጡን ተዉት። ለማንም አልተናገሩም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሩዝ ይለቅማሉ። ከወዲያ ማዶ ሳሪካ የአምላኩን የክሪሽናን ልደት ታሪክ ትለማመዳለች። ጨካኙ ንጉሥ እህቱን ዴቫኪን ከባሏ ጋር አስሮ፣ የወለደቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ አጥፍቶ፣ አሁን የመጨረሻው ሊወለድ ነው።

«ያን ጊዜ ዴቫኪ» አለች ሳሪካ ድምጿን አለስልሳ፣ «አንዳች ሕመም ሳያገኛት፣ እንደ ሎተስ አበባ ፈገግ እንዳለች...»

ሲስተር ሰፌዱን አንስተው ጣውላውን ሦስት ጊዜ መቱት።

«ማነው ሕመም ሳያገኛት ያለሽ?»

«መጽሐፉ ነው፣ ሲስተር።»

«መጽሐፉን የጻፈው ወንድ ነው። ነይ ወዲህ።»

ሳሪካ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሲስተር በሰፌዱ ወለሉን አሳዩአትና ተቀመጠች።

«ስንተኛ ልጇ ነው?»

«ስምንተኛ።»

«ስምንተኛ ከሆነ ፈጥኖ ይመጣል፤ ይሄን እሰጥሻለሁ። ግን ብዙ የወለደ ማህፀን ይደክማል። ከወለደ በኋላ ቶሎ አይኮማተርም፤ ደም ይፈሳል። እጇ ታስሯል ነው ያልሽው?»

«በሰንሰለት። ባሏም ታስሯል። በኋላ ሰንሰለቱ ራሱ ይፈታል።»

«ከምጡ በፊት ነው የሚፈታው ወይስ ከምጡ በኋላ?»

አራት ዓመት ስትማር ይሄን የጠየቃት መምህር አልነበረም።

«እትብቱንስ በምን ቆረጡት? አባትየው ከዚያ በፊት ልጅ ሲወለድ አይቶ ያውቃል? ውሃ ነበራቸው? ጨርቅ ነበራቸው? እሺ ተይው። ከዚያስ?»

«ከዚያ አባትየው ሕፃኑን በቅርጫት አድርጎ፣ በዝናብ ወንዙን አሻግሮ ለሌላ እናት ይሰጣል። የሷን ሴት ልጅ ይዞ ይመለሳል። ንጉሡ መጥቶ እሷንም ሲነጥቃት ከእጁ አምልጣ ወደ ሰማይ ትወጣለች።»

«እናትየውስ?»

«እናትየውማ እዚያው ናት። ታሪኩ ከልጁ ጋር ወንዙን ይሻገራል።»

ሲስተር ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ስሚኝ ልጄ። ወተት በሦስተኛው ቀን ነው የሚወርደው። ልጅ ኖረም አልኖረም ይወርዳል። ልጁ መሄዱን ለጡት ማን ይነግረዋል? ሞቶ የተወለደባቸውን አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ጡታቸው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ያተኩሳል፤ የደረታቸው ልብስ ይርሳል። የሚያለቅሱት ያኔ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ያቺ ሴትዮ በሦስተኛው ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ሆነች? እሱን ንገሪያቸው። ሎተስሽን ተይው።»

ሳሪካ ተነስታ ወጣች። ሲስተር አስቀየምኳት ብለው ሩዛቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ ደብተርና እርሳስ ይዛ ተመለሰች።

«ድገሙልኝ» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳሪካ ካልጋው ወደምትባል መንደር ተጠርታ ልትሄድ ስትል ሲስተርን ለመነቻቸው። «ወሊዱን በትክክል መናገሬን ማን ይነግረኛል? እነዚያ አብረውኝ የሚያዜሙት ጸናጽል መቺዎች እንደሆኑ ሁሉም ወንዶች ናቸው።»

«ለምርመራ ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ ሲስተር። «ለኪርታን ግን አይደለም።»

ጠዋት ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። ሲስተር ሴቶቹ መሀል፣ ቦርሳቸውን እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ተቀመጡ። ሳሪካ የአበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ አድርጋ መድረኩ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ስምንት ሰዎች ጸናጽላቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ፣ በጎኗ ከበሮ መቺው። ግድግዳ ወዲያ ትሰማ የነበረችው ልጅ አልመሰለቻቸውም። በሰው ትቀልዳለች። የመንደሩን ሹም፣ «ስልክዎን ያጥፉት፤ አምላክ ሊደውልልዎት ቢፈልግ በእኔ በኩል ነው» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው።

ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ገባች። ሕመሙን ተናገረች፤ ደሙን ተናገረች። ወንዶቹ በኩል አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ልጁ ወንዙን ሲሻገር ሁሉም አብሮ ሊሻገር ተነቃንቆ ነበር፤ ሳሪካ ግን አልተሻገረችም። «እኛ እዚህ እንቆይ» አለች። «አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን የዴቫኪ ወተት ወረደ።»

ሌላ አልጨመረችም። ሲስተር አጠገባቸው ያለችውን ሴት አዩ፤ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ናት። የሳሪዋን ጫፍ ጨብጣ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ከሷ ኋላ ሌላዋም እንደዚያው። ሳሪካ በዝቅተኛ ድምፅ ስሙን አነሳች፤ ቪትል፣ ቪትል። መቀበል የሚገባቸው ጸናጽል መቺዎቹ ነበሩ፤ የተቀበሏት ግን ሴቶቹ ናቸው፤ ያለ ጸናጽል፣ እንደ እንጉርጉሮ። ወንዶቹ ዘግይተው ገቡ። ዜማው እያደገ፣ እየፈጠነ ሄደ። ሲስተር ኢንዱማቲ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያወቁት ምራቃቸው ሲደርቅ ነው።

አውቶብስ ውስጥ ሳሪካ ብዙ ጠብቃ ጠብቃ፣ «እንዴት ነበር ሲስተር?» አለች።

«እትብቱን በምን እንደቆረጠው አልተናገርሽም» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ጀመር። ፊታቸውን እስከ ማሱርዲ አላዞሩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሲስተር ስልካቸው ላይ ኪርታን መስማት ጀመሩ። ሳሪካ አንዱን ታሳያቸዋለች፤ እሳቸው ሌላ አስር ያገኛሉ። ናግፑር ያለ አንድ መሐንዲስ አለ፤ የቪትልን ስም በጊታር እየጠራ ወጣቱን ሁሉ ያስዘልላል። «ይሄ ልጅ ከአንገቱ ነው የሚተነፍሰው፤ ሠላሳ አምስት ሳይሞላው ድምፁ ይሰነጠቃል» ይሉና ጠዋት ጠዋት መልሰው እሱኑ ይከፍቱታል። ኮንካን ባሕር ዳር ያሉ ቢኩ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ «ጥርስ የላቸውም፤ ሳንባቸው ግን የሃያ ዓመት ነው።» ሁለት የሶላፑር እህትማማቾች ደግሞ ያለ መሣሪያ እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ አንዷ የት እንዳቆመች፣ ሌላዋ የት እንደጀመረች አይለይም። «እነዚህ መንታ ካልሆኑ እኔ አዋላጅ አይደለሁም» አሉ። ሳሪካ አስራ አንድ ዓመት እንደሚበላለጡ ብትነግራቸውም አላመኑም።

የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ዳቶባ፣ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ ስልኩን ከፍተው ሲያጨበጭቡ አገኛቸው።

«እትዬ፣ አሞዎት ነው?»

«ተቀመጥና ስማ።»

ሰማ። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «ወንድሜ ይሄን ቢያይ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ቦታ ይይዝልዎት ነበር እኮ። መሐረቡን ዘርግቶ። ሰው ሊቀመጥበት ሲል፣ ‹ባለቤቴ ትመጣለች› ይል ነበር።»

ሲስተር ይሄን አያውቁም ነበር። ስልኩን አጠፉት። ዳቶባ ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣም ደህና ዋል አላሉትም።

በዚያው ሰሞን፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ መብራት ጠፍቶ እሳቸውና ሳሪካ ወጥ ቤት በኩራዝ ተቀምጠው የማሽላ ቂጣ በነጭ ሽንኩርት ድቁስ ሲበሉ፣ ሲስተር ለማንም ያልነገሩትን ነገሯት። ሠላሳ አንድ ዓመት ይሆነዋል። በሸንኮራ ቆረጣው ወቅት ከቢድ አገር የመጣች ሱባድራ የምትባል የቀን ሠራተኛ በበሬ ጋሪ ተጭና መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሌሎች ሁለት የሚያምጡ አሉ፤ ሐኪም የለም፤ መብራት የለም። ሱባድራ ከመጣችበት ደቂቃ ጀምሮ፣ «ቪትል፣ ቪትል» ትላለች። በትንፋሽ፣ በጩኸት፣ ሳታቋርጥ፣ ሰዓታት።

«መታኋት» አሉ ሲስተር። «ፊቷን። ‹ዝም በይና ግፊ፤ ልጁን የሚቀበለው ቪትል አይደለም፤ እኔ ነኝ› አልኳት። ዝም አለች። እስክትወልድ አንዲት ድምፅ አላሰማችም። አንዲት። ልጁም እሷም ደህና ነበሩ። በማግስቱ ካልቆረጠች አይከፈላትምና ጋሪው ላይ ወጣች። ስትወጣ ጎንበስ ብላ እግሬን ነካችኝ።»

ሳሪካ እጃቸውን ያዘች።

የማሱርዲው የሰባት ቀን ኪርታን ደረሰ። ለመጨረሻው ጠዋት የተጠራው ስመ ጥር ዜመኛ ድምፁ ተዘግቶ ቀረና ዳቶባ ሳሪካን ለመናት። ሲስተር ኢንዱማቲ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ከተማቸው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፤ በመጀመሪያው ረድፍ፣ አዲስ ሰማያዊ ሳሪ ለብሰው። ሰው እርስ በርሱ ተጠቋቆመ። ኩራት ኩራት አላቸው።

ሳሪካ ስለ ስሙ ኃይል ስታወራ ቆይታ፣ «አንዲት ሸንኮራ ቆራጭ ነበረች» አለች።

ሲስተር መጀመሪያ የሰሙት አልመሰላቸውም። ልጅቷ ግን ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ መሆኑን ተናገረች፤ ጋሪውን ተናገረች፤ መብራት አለመኖሩን ተናገረች። «ያቺ ልጅ እናቷ ሩቅ ናት፤ ባሏ ሸንኮራው ውስጥ ነው። አብሯት የመጣ ዘመድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አፏ ውስጥ ያለው ስም። የደከመች ነርስ ደግሞ በጥፊ መታቻትና ያንን ዘመድ ከክፍሉ አስወጣችው።»

ስም አልጠራችም። ማሱርዲ ውስጥ ግን ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የነበረችው ነርስ አንድ ናት። ሕፃን እንኳ አንገቱን አዞረ። ሲስተር ቦርሳቸውን አነሱ፤ ተነሱ፤ በሰዉ መሀል ቀስ ብለው ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኋላቸው ዜማው ሲነሳ ሰሙት። በራቸውን ከውስጥ ቆለፉ።

ሳሪካ መጥታ አንኳኳች፤ አልከፈቱም። በማግስቱም አንኳኳች። ለአስራ አንድ ቀን በአንድ ጣራ ስር እየኖሩ ቃል አልተነጋገሩም። ልጅቷም አስር ሰዓት ሲሆን አላዜመችም። ዳቶባ መጥቶ፣ «እትዬ፣ መድረኩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬውኑ ላስወጣት» አለ።

«ቤቱ የማነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ምን አገባህ?»

በአራተኛው ቀን ነው ሃውሳባይ የመጣችው። አትክልት ሻጭ ናት፤ ሃምሳውን ያለፈች፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና። ቅርጫቷን ደጃፉ ላይ ዱብ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ክፈቱ። ጎመን ይዣለሁ» አለች። ሲስተር ከፈቱላት።

«ስሙኝማ» አለች እየተቀመጠች፣ «እኔንም መትተውኛል።»

ሲስተር ደነገጡ። «መቼ?»

«በመጀመሪያዋ ልጄ። እዚህ ጉንጬ ላይ። ያን ጊዜ ባሌን እየሰደብኩ ነበር፤ እርስዎንም ጨምሬ። ኋላማ ሦስተኛውን ስወልድ ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ሲያሹኝ አደሩ፤ ጠዋት እጅዎ አብጦ ነበር። የቱን ልያዝ? ሁለቱንም ይዣለሁ።»

«ይቅር በይኝ ሃውሳባይ።»

«ኧረ እኔ ጎመን ልሸጥ ነው የመጣሁት» አለች፤ ግን ጎመኑን በነፃ ጥላው ሄደች።

ከሷ በኋላ ሌሎችም መጡ። አንዷ ያኔ ስለተቆጧት፣ ሌላዋ ስላዳኗት ልጅ፣ ሌላዋ ደግሞ እንዲሁ ሻይ ለመጠጣት። ሁሉም ግን በቀልድ አላለፉትም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት የሆነች አንዲት ሴት ሳትቀመጥ፣ «ሁለተኛውን ልጄን ሳታራ ድረስ ሄጄ የወለድኩት እርስዎን ፈርቼ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ሳይዎት መንገድ እቀይራለሁ» አለቻቸው። ሲስተር ሥራ በዝቶብኝ ነበር ሊሉ አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጡት። «ልክ ነሽ። ይቅርታ» ብቻ አሉ። መምህርቷ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ሲስተር ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ሲስተር ወደ ሳሪካ ክፍል ሄዱ። ሳጥኑ ተዘግቷል፤ ሃርሞኒየሙ በአልጋ ልብሱ ተጠቅልሏል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ክፍል እየፈለግኩ ነው።»

ሲስተር ሳጥኑ ላይ ተቀመጡበት። «ለምን ሳትጠይቂኝ ተናገርሽው?»

«ብጠይቅዎት እምቢ ይሉኝ ነበር።»

«እል ነበር።»

«ለዚያ ነው።»

«ይሄ መልስ ነው?»

«አይደለም» አለች ሳሪካ። «መድረክ ላይ ስቆም ያለኝን ሁሉ ነው የማወጣው። የራሴ መስሎኝ ነው ብል ውሸቴን ነው፤ የእርስዎ መሆኑን አውቅ ነበር። ግን ያቺ ሴትዮ ዝም ማለቷ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። የሚናገርላት የለም ብዬ ነው።»

ሲስተር «ሁለቴ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ሁለቴ ነው የመታኋት። ላንቺ የነገርኩሽ አንዱን ብቻ ነው። መናገርሽ ካልቀረ በትክክል ተናገሪው። ደግሞ ከዛሬ ወዲያ የኔ የሆነውን ሳትጠይቂኝ አፍሽ ላይ ብታደርጊ ሳጥንሽን ራሴ ነኝ መንገድ ላይ የማወጣው። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«በይ ያንን ፍቺው። ዛሬ አስር ሰዓት አልፏል፤ ግን ይሁን።»

ሳሪካ ሃርሞኒየሙን ፈታችው። እያለቀሰች ጀመረችና መሀል ላይ ድምጿ አልወጣ አላት። ስሙን የቀጠሉት ሲስተር ናቸው፤ ዜማውን ስተው፣ በሻካራ ድምፅ፣ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጡ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ሳሪካ ከሲስተር አፍ የሰማችውን ሁሉ እየጠየቀች ወሰደች፤ የዴቫኪ ወተት በስልክ ከመንደር መንደር ዞሮ ከፑኔ ድረስ ይጠሯት ጀመር። ሲስተር ጸናጽል ሊማሩ ሞክረው ነበር። ከበሮ መቺው ሁለት ሳምንት ታግሶ፣ «ሲስተር፣ ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ፤ ግን እርስዎ ሲመቱ እኔ መንገድ ይጠፋኛል» አላቸው። ሳቁና ጸናጽሉን መለሱለት። ኋላ ሳሪካ ያንኑ ከበሮ መቺ አግብታ ናሺክ ገባች። ሠርጓ ላይ በእናቷ ጎን የቆሙት ሲስተር ናቸው። ዛሬም አዲስ ታሪክ ስትይዝ ትደውላለች፤ «አክስቴ፣ ሽንት አልወጣ ያለው ሽማግሌ ታሪክ አለኝ፤ ኩላሊት ነው ወይስ ፕሮስቴት?» ትላለች፤ ሰዓት ሙሉ ይከራከራሉ።

ክፍሉን አሁን የተከራየው ከባንክ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሲስተር ግን ቤት አይቀመጡም። የጓደኛ ነገር ሆኖ ሃውሳባይን አስለመዷት፤ አትክልቷን ለምራቷ እየተወች አብራቸው ትዞራለች። ባለፈው ወር የሶላፑር እህትማማቾችን ሊሰሙ ስድስት ሰዓት በአውቶብስ ተጉዘው ሄዱ። ሲስተር መጀመሪያ ረድፍ ደርሰው ተቀምጠው፣ ስሙ ሲነሳ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ፤ ጮክ ብለው፣ እንደተለመደው ዜማውን ስተው። ሃውሳባይ በታሪኩ እኩሌታ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

ሲመለሱ አውቶብሱ ውስጥ፣ «ታዲያ መንታ ናቸው?» አለች ሃውሳባይ እያዛጋች።

«ትልቋ ፀጉሯ ሸብቷል።»

«እንግዲያው መንታ አይደሉም።»

«አንቺ ተኝተሽ ምን አይተሽ ነው? ጆሯቸውን አይተሻል? አንድ ነው ጆሯቸው።»

«ጆሮማ የኔና የእህቴም አንድ ነው፤ በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ።»

«ያንቺን ጆሮ የተቀበለው ማነው? እኔ አይደለሁም፤ ስለዚህ አትናገሪ» አሉ ሲስተር፤ ሃውሳባይም መልስ አላጣችም፤ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ እስኪያዳምጣቸው ድረስ እስከ ሳታራ ሲከራከሩ ሄዱ።